ሁለተኛው ጠርሙስ

የመጀመሪያው ጠርሙስ ያለቀው ሐሙስ ማታ ነው። ገልብጬ ማንኪያው ላይ ባራግፈው አንዲት ሮዝ ጠብታ ብቻ ወጣች። ልጄ ሶፋው ላይ እየዘለለች ነው። ትኩሳት የለ፣ «ጉሮሮዬን» የለ። ራቷን ጥርግ አድርጋ በልታለች። «እሰይ፣ ዳነችልኝ» ብዬ ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወርኩት። ሽሮፑ አለቀ፣ በሽታውም አለቀ። በኔ ቤት ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ትኩሳት፣ ያው ጉሮሮ ተመልሶ መጣ።

ሒሳቤ የት ጋ እንደተበላሸ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምውል። እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች የልጄ ሐኪም ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ ናቸው። የእናንተን ልጅ ሚዛን ላይ የሚያወጣው የእናንተው ሐኪም ነው። ማዘዣው ከተጻፈ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ማንኪያውን፣ ሰዓቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የመብራት መጥፋቱን።

አጀማመሩ እንዲህ ነበር። አርብ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እሳት ሆናለች። ጠዋት ደህና ነበረች፤ ድንገት ነው። ምራቋን ስትውጥ ፊቷ ይጨማደዳል። አንዴ ራሴን፣ አንዴ ሆዴን ትላለች። አማቴ፣ እኛ ቤት እማማ የምንላቸው፣ አፏን አስከፍተው አዩና «እንጥሏ ወርዷል» አሉ። በሳቸው ዘመን ቢሆን እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ነበር የምትወሰደው። ዛሬ እሳቸውም ያንን አያነሱትም። ዝንጅብል አፍልተው ማር ጠብ አድርገው አቀረቡላት።

ማታውኑ ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ በባትሪ ጉሮሮዋን አየ፣ «ቶንሲል ነው» አለ፣ ጻፈ። ሚዛን ላይ አልወጣችም። ዕድሜዋን ጠየቀኝ፣ 6 አልኩት፣ በቃ። ከፋርማሲው አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ተሰጠኝ፤ 250 የሚባለው፣ አንድ ጠርሙስ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «5 ሚሊ በቀን 3 ጊዜ» ተጻፈበት። ማዘዣው ላይ 10 ቀን ይላል። አላየሁትም። ያሳየኝም አልነበረም።

አሁን እናስላው። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ነው። 5 ሚሊ በቀን 3 ጊዜ፣ በቀን 15 ሚሊ ይሆናል። ለ10 ቀን 150 ሚሊ። አንዱ ጠርሙስ ከመጀመሪያውም አይበቃም ነበር ማለት ነው። በደንብ ብሰጣት እንኳ 7ኛው ቀን ላይ ያልቃል። ደግሞ ስንቱ ሰው ነው 7 ቀን አንቲባዮቲክ ሰጥቶ፣ ልጁ ሲሮጥ እያየ፣ ሌላ ጠርሙስ ሊገዛ የሚወጣው?

የኔው ደግሞ 7ም አልደረሰ። ከወጥ ቤት ባነሳሁት የሻይ ማንኪያ ነበር የምሰጣት። «የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው» ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። ቆይቼ በሲሪንጅ ለክቼ ብሞላው ያ ማንኪያ ከ6 ሚሊ በላይ ያዘ። ጎኑ ያለው የቡና ስኳር ማንኪያ 3 እንኳ አልሞላ። ሁለቱንም «የሻይ ማንኪያ» ነው የምንላቸው። እሷ ስትወራጭ ቀሚሷ ላይ የሚፈሰው ሲጨመር፣ 20 ጊዜ መጠጣት የነበረበት ጠርሙስ 15 ጊዜ ላይ አለቀ። ከማክሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ስለገባች የምሳው ቀርቷል። መምህሯን እንዳላስቸግር ብዬ ሽሮፑን አልላክሁም። «ማታ ትንሽ ጨምሬ እሰጣታለሁ» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ድምሩ ይኸው፦ 30 ጊዜ መውሰድ የነበረባት ልጅ 15 ጊዜ ወሰደች። ግማሹን።

ታዲያ እንዴት ዳነች? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያታልለው። ይህ የጉሮሮ ሕመም ምንም ባይደረግለትም ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ስሜቱ እየቀለለ ይሄዳል። አንቲባዮቲኩ ትንሽ ያፋጥነዋል እንጂ። ስለዚህ ልጁ ጨዋታ መጀመሩ ጀርሙ ከጉሮሮው ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። እኔ መድኃኒቱ መብቃቱን የምለካው የልጄን ፊት እያየሁ ነበር።

በሁለተኛው ዙር የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ከኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በመጀመሪያ ልጅቷን ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ 20 ኪሎ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ሳል አላት? የላትም። ንፍጥ? የለም። ድምጿ ጎርንኗል? አልጎረነነም። መንጋጋዋ ሥር በጣቷ ጫን ስትል ልጄ «አይ!» ብላ ሸሸች። ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል አለ። ሐኪሟ እንዳለችኝ አብዛኛው የልጆች ጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራለትም። ሳልና ንፍጥ ካለ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ያደላል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ መግል፣ ሲነካ የሚያም የአንገት እጢ፣ ሳል አለመኖር፣ እነዚህ ሲሰባሰቡ ነው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚጠረጠረው። ምልክት ብቻውን ግን አያረጋግጥም። ስለዚህ ጥጥ ባለው ረጅም እንጨት ጉሮሮዋን ነክታ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እዚያው ቁጭ ብለን መጣ። ስትሬፕ ነው።

ይህ ምርመራ ሁሉም ቦታ አይገኝም። በምትኩ ኤ ኤስ ኦ የሚባል የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ የታላቅየው ልጄ አንድ ጊዜ ተደርጎለት ያውቃል። «እሱስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ኤ ኤስ ኦ ሰውነት ከዚህ በፊት ከጀርሙ ጋር ተገናኝቶ እንደነበር ነው የሚያሳየው። ከፍ የሚለው ሳምንታት ቆይቶ ነው። ዛሬ ላመመው ጉሮሮ ዛሬ መልስ አይሰጥም። ለዚህ ስንቱ ልጅ በከንቱ ተወግቶ ይሆን?

ከዚያ «እናቷ፣ ያለፈውን ስንት ቀን ነው የሰጧት?» አለችኝ። «6 ቀን» አልኳት፤ የምሳውን መዝለሌን ዋጥ አድርጌ። ዝም ብላ አየችኝ። «አንዳንዴ እዘልላለሁ» አልኩ። «ብዙ ሰው ይዘልላል» አለች፣ ሳትቆጣ። ያሁኑ ያው የድሮው ተመልሶ ይሁን ከክፍል ጓደኛ አዲስ የያዛት፣ በእርግጠኝነት መለየት እንደማይቻልም ነገረችኝ። ለኔ ግን ያ ማጽናኛ አልሆነኝም።

«ለምንድን ነው ግን 10 ቀን?» አልኳት። እኔ የማውቀው መልስ «ጀርሙ መድኃኒቱን እንዳይላመድ» የሚለውን ነበር። ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ጀርም እውነተኛው ምክንያት እሱ አይደለም። ይሄ ባክቴሪያ ስንት ዓመት ሙሉ በፔኒሲሊን እየታከመ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም፤ አሞክሳሲሊንም ከዚያው ቤተሰብ ነው። 10 ቀን የሚሰጠው ጀርሙን ከጉሮሮ ጠራርጎ ለማስወጣት ነው። የሚፈራው ደግሞ ጉሮሮው አይደለም፣ ልብ ነው።

እሱን ስትነግረኝ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። የአክስቴ ልጅ አለች። 12 ዓመቷ ላይ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ። አክስቴ «ብርድ ነው» ብላ በቅባት አሸቻት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጉሮሮዋን አሟት እንደነበር ያስታወሰ ሰው የለም፤ ማንስ ያስታውሳል? ሩማቲክ ፊቨር ነበር። ጉሮሮ ከታመመ 2 ወይም 3 ሳምንት ቆይቶ፣ ሰው ረስቶት ሳለ ይመጣል። የሚያጠቃውም በብዛት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይመታል። የመገጣጠሚያው ያልፋል። የልቡ ቫልቭ ግን ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። የአክስቴ ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በሽታው እንዳይመለስባት በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። «የወር መርፌዬ» ነው የምትለው። ስልኳ ላይ ቀኑ ይጮኽላታል። በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ ከተወለዱ በኋላ ከሚመጡት የልብ ሕመሞች ዋናው ይኸው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የልጆች የልብ ማዕከል የሚመላለሰው ስንቱ ቤተሰብ፣ ነገሩ የጀመረው ከጉሮሮ ነው።

ይሄን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ሐኪሟ ግን አንድ የሚያረጋጋ ነገር ጨመረችልኝ። ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት ያገኙትን ክኒን ማቃም አያስፈልግም። ነግቶ፣ ተመርምሮ፣ በትክክል መጀመር ይቻላል። ልጁ መተንፈስ ከከበደው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተዝረበረበ፣ ወይም አፉን መክፈት ካልቻለ ግን ያ ሌላ ነው። ያኔ ሌሊትም ቢሆን ይሮጣል።

እንግሊዝ አገር የምትኖር የአጎቴ ልጅ ይሄን ስነግራት «እኛ ጋ እኮ ከ5 እስከ 10 ቀን ነው የሚሉን፣ አንዳንዱ 5 ቀን ብቻ ነው የሚያዘው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚያ ሩማቲክ ፊቨር ብርቅ ሆኗል፤ ስለዚህ በዋናነት የሚያስቡት ጉሮሮው ስለ መዳኑ ነው። እኛ የምንኖረው ግን በሽታው ገና ቤት ለቤት በሚዞርበት አገር ነው። የሷን 5 ቀን ለኔ ልጅ መዋስ አልችልም። ፔኒሲሊን ሩማቲክ ፊቨርን እንደሚከላከል የታየው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1950 አካባቢ፣ አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ባለ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ወጣት ወታደሮች ላይ በተደረገ ጥናት ነበር። ያኔም በመርፌ ነበር የተሰጠው። ለዚህ ሥራ ሽሮፕና ክኒን በኋላ የመጡ ናቸው።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ስለሆነ።

«በቀን 3 ጊዜ ካልተመቸዎት 2 ጊዜ እናድርገው» አለችኝ ሐኪሟ። ይቻላል እንዴ? ለዚህ ሕመም ይቻላል። የአሞክሳሲሊኑ ስሌት በቀን 50 ሚሊግራም ለእያንዳንዱ ኪሎ ነው። ያንን በአንድ ጊዜ መስጠትም ይቻላል፣ ከ1000 ሚሊግራም ሳያልፍ። ወይም ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ከ500 ሳያልፍ። ልጄ 20 ኪሎ ናት። 20 በ50 ሲባዛ 1000። ለሁለት ሲከፈል ጠዋት 500፣ ማታ 500። የኛ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ውስጥ 250 ስላለው፣ ጠዋት 10 ሚሊ፣ ማታ 10 ሚሊ። ምሳ የለ፣ መምህር የለ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚፈስ ሽሮፕ የለ።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከአንድ እስከ አንድ፣ ልክ 12 ሰዓት ልዩነት። ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ ምንም አይሆንም ብላኛለች። አሞክሳሲሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ዘመዶቼ ውስጥ የሚጾም ትልቅ ሰው በቀን ሁለቴ ሲታዘዝለት በጣም ይገላገላል። ሙስሊም ጎረቤቴም በረመዳን በስሁርና በኢፍጣር ነው የጨረሰችው። ታዲያ ይሄን በራሳችሁ አትቀያይሩት። በቀን 3 ጊዜ 5 ሚሊ የተጻፈውን ዝም ብሎ በቀን 2 ጊዜ 5 ሚሊ ማድረግ መድኃኒቱን መቀነስ ነው። ሐኪሙን «በቀን ሁለቴ የሚሆን አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቅ ኖሮ!

ጠርሙሱ ላይ 250 ወይም 125 የሚለውን ሳታዩ ደግሞ «10 ሚሊ» የሚለውን አትያዙት። 125 ከሆነ ያው 10 ሚሊ ግማሽ መድኃኒት ነው። የጎረቤት ልጅ የወሰደው ሚሊ ለናንተ ልጅ የማይሠራው በዚህም ምክንያት ነው።

እንግዲህ በቀን 20 ሚሊ ለ10 ቀን 200 ሚሊ ነው። ሁለት ጠርሙስ፣ ልክ። ሐኪሟ ማዘዣው ላይ «2 ጠርሙስ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ፋርማሲ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለቱንም ልታሟሟልኝ ስትል «ቆይ፣ አንዱን ብቻ» አልኳት። ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። የኛ ካርቶን ፍሪጅ ውስጥ 7 ቀን ይላል፤ 14 የሚልም አለ። ሁለቱንም በመጀመሪያው ቀን ብበጠብጥ የሁለተኛው መጨረሻ ተበላሽቶ ነበር የሚጠጣው። ስለዚህ ሁለተኛው እንደ ደረቀ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ተገዝቶ፣ ተከፍሎበት፣ እያየሁት። ይሄ ቀላል የሚመስል ነገር ትልቅ ልዩነት አለው። 5ኛው ቀን ማታ፣ ልጅቷ ስትፈነጭ፣ ታክሲ ይዞ ፋርማሲ መሄድና ቁም ሣጥን መክፈት አንድ አይደለም።

አበጣበጡንም ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያውን ፋርማሲው ነው የሠራልኝ፣ ሁለተኛውን እኔ። ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። ዱቄቱ ታች እንዳይጋገር ጠርሙሱን መታ መታ አደረግኩት። ውሃውን ግማሽ አድርጌ በደንብ ናጥኩ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ካለው ምልክት እስኪደርስ ሞላሁ። አረፋው ሲወርድ ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ትንሽ ጨመርኩ፣ ደግሜ ናጥኩ። የተበጠበጠበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ ከመስጠቴ በፊት እንጣለሁ። መድኃኒቱ ታች ስለሚዘቅጥ፣ ካልተናጠ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ወፍራም ዝቃጭ ነው የምታጠጡት። በዚያ ሳምንት መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ነበር። ፍሪጁን ሳልከፍት ቆየሁ፤ ሲመጣ ሽሮፑ እንደ ቀዘቀዘ ነው ያገኘሁት።

ማንኪያውን ተውኩት። ፋርማሲ «ያለ መርፌ ሲሪንጅ» ብላችሁ ብትጠይቁ ባለ 10 ሚሊውን ይሰጧችኋል። በምላሷ ላይ ሳይሆን ወደ ጉንጯ በኩል ቀስ እያልኩ እገፋዋለሁ። ጉሮሮዋ ላይ ከረጩት ያስላታል፣ ያስመልሳታል። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አስመልሷታል በርግጥ፤ ከወሰደች ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆኗት ነበር። ፋርማሲስቷ ጋ ደወልኩ። ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ ድገሚላት፣ ከዚያ በላይ ቆይቶ ከሆነ ተይው፣ በሰዓቱ ቀጥይ አለችኝ። የተረሳስ? እንዳስታወሳችሁ ስጡ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት። ሁለቱን ደርቦ መስጠት የለም። የኔ «ማታ ጨመር አድርጌ» ስህተት ነበር ማለት ነው።

ደብተሯ ጀርባ ላይ 20 ሳጥን ሣልኩ። 10 ፀሐይ፣ 10 ጨረቃ። በወሰደች ቁጥር አንዱን ትቀባለች። 7ኛው ቀን ማታ ባለቤቴ ረስቶ ሊያስተኛት ሲል «አባ፣ ጨረቃዬ!» ብላ የጮኸችው እሷ ናት።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎዋ ተሰላ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። የእማማ ዝንጅብልና ማር አልተከለከለም፤ ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ብቻ ነው የማይሆነው። ትምህርት ቤት የተመለሰችው መድኃኒቱን ከጀመረች አንድ ሙሉ ቀን አልፎ ትኩሳቷ ሲጠፋ ነው። ከዚያ በፊት ለሌላ ልጅ ታስተላልፋለች። ሆዷ ትንሽ ላላ፣ በሁለት ቀን ተስተካከለ። ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ ቀጣዩን ከመስጠት በፊት መደወል ነው። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ መደወልም የለም፣ መሮጥ ነው።

እማማ ከመጀመሪያውም «መርፌ ትወጋ፣ ይሄ ውሃ ምን ያደርጋል» ሲሉ ነበር። እኔም «የድሮ ሰው» ብዬ ችላ ብያቸዋለሁ። ለካስ ልክ ነበሩ፤ ቢያንስ በከፊል። ያው የወር መርፌው፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለጉሮሮው አንዴ ብቻ ተወግቶ የ10 ቀኑን ሥራ ይሠራል። ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600,000 ዩኒት፣ ከዚያ ጀምሮ ላለው 1.2 ሚሊዮን። ያማል፤ ይሄን አልዋሻችሁም። እኔ ሽሮፑን መረጥኩ፣ ቤት ውስጥ የሚከታተል ሰው ስላለ። ከገጠር ለበዓል የመጣው የባለቤቴ ወንድም ልጅ ግን በዚያው ሰሞን ያው ስትሬፕ ተገኘበት። 11 ዓመቱ ነው፣ 32 ኪሎ። ከሦስት ቀን በኋላ አገሩ ይመለሳል። ፍሪጅ የለም፣ ሲሪንጅ ይዞ የሚጠብቀው የለም። እሱ መርፌውን ወሰደ። ለፔኒሲሊን አለርጂ እንደሌለበት ተጠየቀ፣ ከተወጋም በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆየ። ሁለት ቀን እያነከሰ ሄደ። ከዚያ ግን ጉዳዩ አለቀ፤ የሚረሳ ሰዓት የለበትም። እማማ ያን ቀን ያዩኝ አስተያየት አይረሳኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሰፈራችን ውስጥ በየጊዜው የማየው ነው። ጉሮሮ ሲያም ሦስት ፍሬ ያለባትን አዚትሮማይሲን ገዝቶ መዋጥ። አዚትሮማይሲን ለዚህ ሕመም የሚቀመጠው ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ነው። ያኔም የተለመደው 5 ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ቀሪው ግማሽ። ደግሞ ይሄ ጀርም ፔኒሲሊንን ባይላመድም እሱን መላመድ ያውቅበታል። ኮትሪሞክሳዞልና ቴትራሳይክሊን ደግሞ ለስትሬፕ ጉሮሮ አይመከሩም። ቤት ውስጥ ካለፈው የተረፈ ካፕሱል አለ ብሎ መጀመርም ያው ነው። የተረፈው እኮ ያልጨረስነው ነው።

ከጨረሰች በኋላም ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንታት ዓይኔን እንድጥል ነግራኛለች። የሚያብጥና ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ያለ ምክንያት ትንፋሽ ማጠር፣ እጅና ፊት ያለ ፈቃድ መወራጨት፣ ኮካ የመሰለ ሽንት። አንዱ ካለ «ብርድ ነው» ሳይባል ወደ ሐኪም። እኛ ጋ አልታየም።

10ኛው ቀን ማታ 1 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ጨረቃ ቀባች። ሲሪንጁን ጠርሙሱ ውስጥ ዘንበል አድርጌ ስስበው 10 ሚሊዋ ልትሞላ ስትል አየር ገባባት። ጥቂት ብቻ ጎደለች።

በሳምንቱ ጎረቤቴ አንኳኳች። ልጇን ጉሮሮውን አሞታል። «ያ የልጅሽ ሽሮፕ የተረፈሽ የለም?» አለች።

«አልተረፈም» አልኳት። «ስንት ኪሎ ነው?»

አላወቀችም። ጃኬቴን ለብሼ አብሬያት ወደ ጤና ጣቢያው ወጣሁ። ስንመለስ መደርደሪያ ላይ አጥቤ ያስቀመጥኩትን ባዶ ጠርሙስ አይታ «ይሄንንስ?» አለች፣ ለቅባኑግ ፈልጋው። እሱን ሰጠኋት።